አጥንታቸው ለታመመ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ማረፊያ ቤት እንከራይ

ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እዚህም ውጭም ያላችሁ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሰፈራችን ሰዎች ተነጋግረን፣ አጥንታቸውን ታመው ለህክምና ወደ ጎንደር ለሚመጡ ልጆችና ለአስታማሚዎቻቸው ሁለት ክፍል ቤት ልንከራይ ተስማምተናል። ብቻችንን ግን አንችለውም።

ህመሙ ሲጀምር ቀላል ይመስላል። ልጁን ያተኩሰዋል፣ እግሩን ያመዋል፣ አልረግጥም ይላል። ወድቆ ነው ይባልና ወጌሻ ያሸዋል። ጠበል የሚገባም አለ። ጠበሉን ተዉ አልልም፣ ግን ቀን ሳይፈጅ ሐኪምም ይየው! አብዛኛውን ጊዜ በደም አድርጎ አጥንት ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበት ለሳምንታት በሚወሰድ አንቲባዮቲክ ሊድን ይችላል። ሲዘገይ ግን መግሉ ወደ አጥንቱ የሚሄደውን ደም ይዘጋውና አጥንቱ በከፊል ይሞታል። ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒትም አይደርስም። ስለዚህ ቁስሉ ደረቀ ሲባል ያመረቅዛል፣ ደግሞ ይደርቃል፣ ደግሞ ያመረቅዛል፣ አንዳንዱ ልጅ ላይ ለዓመታት።

እዚህ ከደረሰ የሞተውን አጥንት በቀዶ ህክምና ማውጣት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ዙሪያውን አዲስ አጥንት በቅሎ እግሩን መሸከም እስኪችል ሐኪሞቹ አንዳንዴ ወራት ይጠብቃሉ፣ ተቸኩሎ ከወጣ እግሩ ሊሰበር ይችላልና። ቤተሰቡ የሚሰማው ግን «ሂዱና ተመለሱ» መባሉን ነው። ከበለሳ ወይም ከመተማ ለመጣ ገበሬ ሄዶ መመለስ ማለት ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ የቀረ የእርሻ ሥራ ነው።

በቅርቡ ያገኘኋት እናት የልጇ ቅልጥም ላይ ጥፍር የምታክል ቀዳዳ አለች፣ መግል የማታቋርጥ። ፋሻ ሲያልቅባት ከነጠላዋ ቀዳ፣ ቀቅላ፣ አድርቃ ታስርለታለች። የመሳፈሪያዋን ብር መቀነቷ ላይ ለብቻው ቋጥራዋለች፣ እሱን አትነካውም። ሌላው ያለቀ ቀን ልጁ ዳነም አልዳነም ወደ አገሯ ትሳፈራለች። እኛን ያነሳሳን ይሄ ነው፦ ገንዘቡ ከህክምናው ቀድሞ ያልቃል።

ሁሉም የአጥንት ህመም ደግሞ አንድ አይደለም። የአጥንት ቲቢ አለ፣ ካንሰርም አለ። ጭራሽ ጀርም የሌለበት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ አጥንቱን የሚያስቆጣበት ዓይነትም አለ፤ በህክምናው ዓለም መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ይሄኛው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አጥንት ይይዛል፣ እየሄደ ይመለሳል፣ ሌሊት ይብሳል፣ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚታከመው እንደ ናፕሮክሲን ባሉ መቆጣትን በሚያበርዱ መድኃኒቶች ነው፣ ካልበቃም ሜቶትሬክሴት ወይም ፓሚድሮኔት ይጨመራል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ራጅ ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ኤምአርአይ፣ አንዳንዴም ከአጥንቱ ናሙና ወስዶ መመርመር ያስፈልጋል። ልጁ ያለ በሽታው መድኃኒት እየዋጠ ዓመት እንዳይገፋ፣ ለምርመራው ለሚያጥራቸው እንጨምርላቸዋለን።

ከሚሰበሰበው ብር መጀመሪያ የቤቱ ኪራይ ይከፈላል፣ ከዚያ ምግብና ፋሻ፣ ከዚያ የመመላለሻ ትራንስፖርት፣ የተረፈው ለምርመራ። ለማንም በእጅ ጥሬ ገንዘብ አንሰጥም፤ ደረሰኝ ይዘን እኛው እንከፍላለን። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ ነው፣ ገቢና ወጪው በየወሩ እድራችን ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል።

50 ብርም ብትሆን አትናቁዋት። በየወሩ ትንሽ የሚሰጥ ሰው ደግሞ በጣም ያስፈልገናል፣ ኪራይ በየወሩ ነውና። ብር ባይኖራችሁ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ በርበሬ፣ ሽሮ እንቀበላለን። ውጭ ያላችሁ፣ ለጥምቀት ስትመጡ ሻንጣችሁ ውስጥ የልጅ ክራንች አንድ ጥንድ ጨምሩልን፤ በልጅ ቁመት የተሠራ እዚህ ቶሎ አይገኝም። ሆስፒታሉ አካባቢ የሚከራይ ቤት ያላችሁ ወይም የምታውቁ ደግሞ ዛሬውኑ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ምድር ቤት ይሁን፣ ደረጃ የሌለው፣ ውሃ ያለው።