ሦስት ቦታ የተበተነ ስም

ውድ ወዳጄ ጸጋዬ፣

ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ ደኅንነትህን ስጠይቅ እያፈርሁ ነው፤ ይቅርታህንም እለምናለሁ። ብዕር ያስነሣኝ ባለፈው ወር በሥራ ላይ ሳለሁ ስምህን ሦስት ቦታ ተበትኖ ማግኘቴ ነውና ነገሩን በዝርዝር ልጻፍልህ።

በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት በአፈር ለምነት ላይ የጻፉ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። በእጅ መፈለጉ ወራት ስለሚፈጅ ኦፕንአሌክስ በተባለው ክፍት የምርምር ጽሑፎች መረጃ ቋት ኤፒአይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ከቋቱ መረጃ በቀጥታ በሚጠይቅበት በር፣ ተጠቀምሁ። ቋቱ ማይክሮሶፍት ተመሳሳይ አገልግሎቱን በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲያቋርጥ በእግሩ የተተካ ሲሆን፣ ስያሜውን ከጥንቱ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ወስዷል፤ መረጃውንም ማንም ሰው ያለ ቅጂ መብት ገደብ ይወስደዋል። የተመራማሪውን ስም በድረ ገጽ አድራሻ ላይ አስገብተህ ስትልክ፣ የስሙን ልዩ ልዩ አጻጻፎች፣ የጽሑፎቹን ብዛት፣ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ፣ የሠራባቸውን ተቋማት፣ ካለውም ኦርኪድ የተባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥሩን፣ ኮምፒውተር በቀላሉ በሚያነበው ጄሶን በተባለ የጽሑፍ ቅርጽ ይመልስልሃል።

ፈተናው የመጣው ከስማችን ነው። የአንተን «ጸ» አንዱ መጽሔት በቲ እና በኤስ፣ ሌላው በቲ እና በዜድ፣ ሦስተኛው በኤስ ብቻ ጽፎታል። እንደ ገብረ ማርያም ያለ የአባት ስም ተነጣጥሎ ሲጻፍ ደግሞ «ማርያም» ብቻዋን የቤተሰብ ስም ሆና ትቀራለች። በአንጻሩ አበበ ተስፋዬና አልማዝ ተስፋዬ የራሳቸው ስም በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ከታተመ እንደ አንድ ሰው ሊቆጠሩ ይችላሉ። እኔም ይህን ሳላጤን የመጀመሪያውን ዝርዝር አስረከብሁ፤ አንድ የእንስሳት ሐኪም ከአፈር ባለሙያ ጋር ተደባልቆ በመገኘቱ ሁሉንም እንደገና ለመመርመር ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ከአንተ ጽሑፎች አሥራ አንዱ በአንድ መገለጫ፣ አራቱ በሌላ፣ ያ ረቂቁን አብረን ያረምነው የመጀመሪያው ጽሑፍህ ደግሞ ለብቻው በሦስተኛ ሰው ስም ተመዝግቧል፤ ይህ ከልቤ አሳዝኖኛል።

እንዲህ ያለውን መበታተን የሚያስቀረው ኦርኪድ ነው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለተመራማሪዎች በነጻ የሚሰጠው ይህ መለያ አራት አራት እየሆኑ በሰረዝ የሚለያዩ 16 አኃዞች አሉት። የመጨረሻው አኃዝ ከቀደሙት 15 በስሌት ስለሚገኝ አንዱን አሳስተህ ብትጽፍ ስሕተቱ ይታወቃል፤ ውጤቱ 10 ሲሆን በቦታው ኤክስ ይገባል። ስምህ በየትኛውም ፊደል ቢጻፍ ቁጥሩ ያው ነው፤ ኦፕንአሌክስም የተበተኑ ጽሑፎችን ለባለቤታቸው ሲያሰባስብ ይህን ቁጥር እንደ ማስረጃ ይጠቀምበታል። ኦርኪድ የራሱ ነጻ ኤፒአይ ያለው ሲሆን፣ በእርሱ በኩል ለሌላው የሚታየው አንተ ለሁሉም ይታይ ብለህ የፈቀድኸው ብቻ ስለሆነ በዚህ አትስጋ።

ስለዚህ አደራህን፣ አንድ ምሽት ተቀምጠህ ተመዝገብ። ስምህ የታተመባቸውን አጻጻፎች ሁሉ፣ ያንን በኤስ ብቻ የተጻፈውን ጭምር፣ ለሌሎች ስሞች በተመደበው ቦታ አስገባ፤ ጽሑፎችህንም አንድ በአንድ አያይዝ። ከዚያ ቁጥሩን ላክልኝ፤ ሦስቱ መገለጫዎች እንዲዋሐዱ ለኦፕንአሌክስ የሚቀርበውን የማስተካከያ ጥያቄ እኔ አዘጋጅልሃለሁ።

አክባሪ ወዳጅህ