ስለ ጫኙ ክንድ

ይድረስ ለወዳጄ ለገመቹ፣ አዳማ

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ይህን ያህል ተጠፋፍተን በበሽተኛ ሰበብ መገናኘታችን ያው የሙያችን ነገር ነው። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አሞራ ገደል ዓሣ ስንበላ እንከራከራለን። አሁን ሰውየው ይቅደም፣ ጊዜ እየሄደበት ነው።

ከመኪና ሲወርድ ያመለጠውን ኩንታል ሊይዝ ሲል ቀኝ ክርኑ ላይ «ጧ» አለ፣ በማግስቱ የክርኑ እጥፋት ጠቆረ ብለሃል። ክርኑ ታጥፎ፣ ጡንቻው ተወጥሮ ሳለ ክብደቱ በድንገት ክንዱን ሲዘረጋው የባይሴፕስ፣ ማለትም የላይኛው ክንድ የፊት ጡንቻ፣ የታችኛው ጅማት በአውራ ጣት ወገን ካለው የታችኛው ክንድ አጥንት (ራዲየስ) የሚነቀለው እንዲህ ነው። ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደተነቀለ ቁጠረው።

«ክንዱን ማጠፍ ይችላል፣ ወለምታ ነው» ብለው የመለሱት ሰዎች ግን አናደዱኝ። ክርን የሚያጥፈው ዋናው ጡንቻ ከባይሴፕስ ሥር የተኛው ብራኪያሊስ ነው፤ እሱ ደግሞ አልተነካም። የባይሴፕስ ጉድለት ጎልቶ የሚታየው መዳፍ ወደ ላይ ሲገለበጥ ነው። ስለዚህ ክርኑን 90 ዲግሪ አጥፎ ጎኑ ላይ ያስጠጋ፤ መዳፉን ወደ ላይ ሊገለብጥ ሲል አንተ በእጅህ ያዝበትና ጉልበቱን ከግራው ጋር አወዳድር። በቀኝ እጁ ቡሎን ማጥበቅ ከከበደው ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከዚያ የመንጠቆ ምርመራ አድርግለት፤ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ክንዱን ከጎኑ ያንሳ፣ ክርኑን 90 ዲግሪ ይጠፍ፣ መዳፉን ራሱ ወደ ፊቱ ይገልብጥ። አመልካች ጣትህን አጥፈህ ከአውራ ጣቱ ወገን፣ ከውጭ ወደ ውስጥ በክርኑ እጥፋት ላይ አስገባ። ጤነኛ ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ጣትህን ይይዘዋል፤ ከሥሩ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ትገባለህ። የሚያዝ ነገር ካጣህ ጅማቱ የለም። ገመዱ ኖሮ ስትስበው በጣም ካመመው ግን በከፊል መቀደድን አስብ። መጀመሪያ ጤነኛውን ክንድ ሞክር፣ ጣትህ ይለምዳል። ከትንሿ ጣት ወገን ከገባህ ላሰርተስ የሚባለው ስስ ሽፋን ጣትህ ላይ ይወጠርና «ጅማቱ አለ» ያሰኝሃል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ሽፋን ሳይቀደድ ሲቀር ጡንቻው ወደ ላይ ብዙም ስለማይሸሽ የክንዱ ቅርፅ ደህና ይመስላል። በዓይንህ ብቻ አትፍረድ።

ጡንቻው ከክርን ሸሽቶ ወደ ትከሻ ቢሰበሰብ ነገሩ የታችኛው ጅማት ነው። ወደ ክርን ወርዶ ከተድበለበለ ግን የተበጠሰው ባይሴፕስ ወደ ላይ ካሉት ሁለት ጅማቶች አንዱ፣ ትከሻ ላይ ያለው የረጅሙ ራስ ጅማት ነው። ይህ በጣም የተለመደው ዓይነት ሲሆን ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ይታያል፤ አብዛኞቹም ያለ ቀዶ ሕክምና ይኖራሉ። ሁለቱን ማምታታት ሰውየውን ሥራውን ሊያሳጣው ይችላል።

ራጅ አንሣው፣ የአጥንት ቁራሽ አብሮ ተነቅሎ እንደሆነ ያሳይሃል፤ ጅማቱን ግን አያሳይም። አልትራሳውንድ በሚያውቅ እጅ ከተሠራ ይረዳል። ኤምአርአይ የሚያስፈልገው በከፊል መቀደድ ስትጠረጥር ነው። ጣትህ ምንም ካላገኘ የኤምአርአይ ተራ እየጠበቅህ ሳምንት አታባክን።

የምቸኩልበት ምክንያት ይኸው ነው። ጅማቱን በቀጥታ አጥንቱ ላይ መልሶ ለማሰር ጥሩው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ሳምንታት ናቸው። 4 ሳምንት ካለፈ ጅማቱ አጥሮ ከጠባሳ ጋር ይጣበቃል፤ ከጭን ጀርባ ጅማት ወስዶ መቀጠልም ሊያስፈልግ ይችላል። ካልተሠራለት መዳፍ የመገልበጥ ጉልበቱ እስከ 40 በመቶ፣ የማጠፍ ጉልበቱ እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ለጡረተኛ ይህ ይቻል ይሆናል፤ ለጫኝ ግን እንጀራው ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የታችኛው ክንዱ የውጭ ቆዳ ቢደነዝዝ አይደንግጥ፤ የተለመደ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። አውራ ጣቱንና ጣቶቹን መዘርጋት ካቃተው ግን የጣት ዘርጊው ነርቭ ተነክቷልና ወዲያው መታየት አለበት። ከ1 እስከ 2 ሳምንት በስፕሊንት (ክንዱን ደግፎ በሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ) ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ክርኑን እየዘረጋ በ6 ሳምንት አካባቢ ሙሉ ለሙሉ ይዘረጋል፤ እስከዚያ ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር አያንሣ። ጡንቻ ማጠንከሩ ወደ 3 ወር ገደማ ይጀመራል፣ ኩንታል ግን ከ5 ወይም 6 ወር በፊት አይታሰብም። ሕመሙ ቀድሞ ስለሚጠፋ ብዙዎች በሁለተኛው ወር ወደ ሸክም ይመለሱና የታሰረውን ያስበጥሳሉ፤ ይህን ለሚስቱም ንገራት።

ለጊዜው ክንዱን በማንጠልጠያ አሳርፈው፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝ፣ ፓራሲታሞል ስጠው። ወጌሻ ዘንድ እንዳይሄድ አደራ፤ ማሸት የተነቀለውን አይመልስም፣ ቀኑን ግን ይበላዋል።

የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተጎዳበትን ቀን፣ የሚሠራበት እጅ የትኛው እንደሆነ፣ የመንጠቆውን ምርመራ ውጤት ጻፍ። ጣቶቹን መዘርጋት መቻሉንና የክንዱ የውጭ ቆዳ ስሜት መኖሩንም አሁኑኑ መርምረህ ጻፈው፤ ያለዚያ በኋላ ችግር ቢታይ ከጉዳቱ ይሁን ከቢላው ማንም አይለይም። ሲጋራ ያጨስ እንደሆነም ጠይቀው፤ ማጨስ ጅማቱን ያዳክማል፣ ቁስሉንም ያዘገያል።

ያንተው ወዳጅ፣ ከሐዋሳ