እንጨቱ ሐዋሳ እስኪደርስ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

በቴሌግራም የላክሽልኝን የፍሬም ሱቅሽን የሂሳብ ደብተር ፎቶ አየሁት። መነጽሬን አድርጌ፣ ሦስት ጊዜ። «አባዬ፣ ሥራ አለ፣ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም» ብለሽ ጽፈሻል። የገባበትን አገኘሁት። ወሩ መጨረሻ ላይ «ትራንስፖርት» ብለሽ በአንድ መስመር የጻፍሽው ውስጥ ነው ያለው። ከኪራይና ከመብራት ቀጥሎ፣ ከሻይ ቡና በላይ።

ደውዬ ልነግርሽ ነበር። ግን በስልክ ቁጥር ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ፒያሳ ሳለን ትራንስፖርት የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። መርካቶ ወርጄ የፍሬሙን እንጨት እመርጣለሁ፣ አንድ ተሸካሚ ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ያወጣልኛል፣ የላቡን እሰጠዋለሁ፣ አለቀ። (እንጨት የምለው ከልማድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ።) በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ አያት ሰፈር ሄድን። የፍሬም ዋጋዬን ግን እንዳለ ከፒያሳ ይዤው ሄድኩ። ስምንት ወር ሙሉ ሥራ በዝቶ ኪሴ ባዶ ነበር። ለመኪና፣ ለጫኝና አውራጅ የምከፍለውን ከቤት ወጪ ጋር ነበር የምጽፈው። የነቃችብኝ እናትሽ ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ እኮ አስቤዛ አይደለም» አለችኝ።

አንቺ ደግሞ ከአያትም የባሰ ርቀሻል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

የመስከረሙን ጭነትሽን እንይ። 40 ዘንግ ነው፤ አንዱ 3 ሜትር፣ በጠቅላላው 120 ሜትር። መርካቶ ላይ ከሱቅ እስከ መኪና ለተሸካሚ 300 ብር፣ ለአይሱዙው 2,400፣ ሐዋሳ ላይ ለማውረጃ 300፣ ከዚያ እስከ ሱቅሽ ለጭነት ባጃጅ 600። ድምሩ 3,600 ብር። ለ120 ስታካፍዪው በሜትር 30 ብር ነው። አንቺም እዚህ ድረስ ሳታሰዪው አልቀረሽም።

ግን 120ውም ሜትር ፍሬም አይሆንም። ጫፉ ተጭሮ የሚመጣ አለ። ከየዘንጉ መጨረሻ ለምንም የማይሆን ቁራጭ ይተርፋል። እኔ አንድ ወር ሙሉ ቁራጩን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቤ ለካሁት፤ ከ100 ሜትር 15 ሜትር ገደማ ባከነብኝ። እናትሽ አበደ ብላ ነበር። በዚህ ሂሳብ ያንን 3,600 ብር የሚሸከመው 102 ሜትር ብቻ ነው። በሜትር 35 ብር ሆነ።

አሁን አንድ 40 በ50 ፎቶ ውሰጂ። ዙሪያው 1 ሜትር ከ80 ነው። እንጨቱ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ማዕዘኑ በ45 ዲግሪ ሲቆረጥ በየጎኑ የስፋቱን ሁለት እጥፍ ይበላል። ለአራቱ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር። ስለዚህ 2 ሜትር ከ20 ያስፈልግሻል። በ35 ስታባዢው 77 ብር። ከደንበኛው ለዚህ የተቀበልሽው ዜሮ ነው። በቀን ሦስት እንዲህ ያለ ስትሠሪ ወሩን አንቺው አስዪው፤ እኔ አልጽፈውም፣ ያናድዳል።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተርሽ ላይ እንጨቱ መርካቶ የተገዛበትን ዋጋ አትጻፊ። ሱቅሽ የገባበትን ጻፊ። ዋጋ ስትቆርጪ ከዚያ ተነሺ። ለደንበኛ ግን «ይሄ የፍሬሙ፣ ይሄ የትራንስፖርቱ» ብለሽ አትነጣጥዪ። ሥዕለ ማርያም ሊያስገቡ የመጡ እናት ስለ አይሱዙ ምን አገባቸው? አንድ ዋጋ ንገሪያቸው። ሱቅሽ የሌለ ዓይነት የሚፈልግ ከመጣ ብቻ ነገሩ ይለያል። ለእሱ ሲባል ሁለት ዘንግ በአውቶቡስ ጣሪያ ሊመጣ ነዋ። ያኔ ፊት ለፊት ንገሪው፤ ቀብዱ የመጓጓዣውን ሙሉ ይሸፍን። ሰው ፊት ስለ ገንዘብ ማውራት ከልጅነትሽ አትወጂም፣ አውቃለሁ። ብትለምጂው ይሻላል።

በጥቅምት አራት ጊዜ አስመጥተሻል። 8 ዘንግ፣ 6፣ እንደገና 8፣ ከዚያ 10። የመጀመሪያው 24 ሜትር ነው፤ ወጪው 1,500 ብር። በሜትር 62 ብር ከ50፣ ብክነቱ ሳይጨመር! ከመስከረሙ እጥፍ በላይ። ገንዘብ እንዳይታሰርብሽ ፈርተሽ መሆኑ ይገባኛል። ፍርሃትሽም አይፈረድበትም። እኔ ራሴ ያንን ሰፊውን ወርቃማ 30 ዘንግ ገዝቼ እስካሁን ግድግዳ ተደግፎ ያየኛል። ስለዚህ ዓይነቱን ቀንሺ። ዕለት ዕለት የሚሄዱትን አራት አምስት ለይተሽ እነሱን በብዛት እዘዢ። የጥር ሠርግ ፎቶ ሳይጎርፍብሽ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይግባ። በአንድ ጊዜ ሲመጣ ቀለሙም አንድ ይሆናል፤ በተለያየ ጊዜ የሚመጣው እኮ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መልኩ ይለያያል።

ከሱቅሽ ሁለት በር አልፎ ያለውን ፍሬም ሠሪ አናግሪው። አትቆጪ። በደንበኛ ትሻሙ ይሆናል፤ አይሱዙው ግን ለሁለታችሁም ያው አይሱዙ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ከሲዳማ አቮካዶ ጭነው አዲስ አበባ ከሚገቡት መኪኖች ባዶአቸውን የሚመለሱ አሉ። ሾፌሩ ባዶ ከሚሄድ በቅናሽ ይጭንልሻል። የሾፌሩን ስልክ ያዢ እንጂ በደላላ አትሂጂ።

መስታወቱን በተመለከተ ግን ልቆጣሽ ነው። የ2 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ይመዝናል፤ ክብደቱ አያስፈራም። የሚያስፈራው መንገዱ ነው። መስታወት ቆሞ ነው የሚጓዘው። አስተኝተው ሲጭኑት ዝም ብለሽ አይተሻል አሉ። 20 አንሶላ አስመጥተሽ 3ቱ ሲሰበሩ የ20ውንም ዋጋ፣ የጭነቱንም የሚከፍሉት 17ቱ ናቸው። ይሄም ትራንስፖርት ነው፤ ደብተርሽ ላይ ግን «አደጋ» ብለሽ ጽፈሽዋል። አደጋ የሚባለው አንዴ ሲሆን ነው። እኔ አንቺን ብሆን መስታወቱን እዚያው ሐዋሳ ካሉት የአሉሚኒየምና መስታወት ቤቶች እገዛ ነበር። አንሶላው ቢወደድም ቆርጠው ይሰጡሻል፣ የተሰነጠቀም አትቀበዪም።

«እስከ ሐዋሳ በነፃ አደርሳለሁ» ያለሽን አቅራቢ ጠይቀሽኛል። ዋጋውን አስተያይቼ አየሁት። በሜትር 40 ብር ጨምሯል። አንቺ ራስሽ በ30 ነው ያስመጣሽው። ጭነትሽ ትንሽ በሆነ ጊዜ ግን የእሱ ይሻልሻል፣ ስልኩን አታጥፊው። ያ በሜትር 10 ብር የቀነሰልሽ ሌላው አቅራቢ ደግሞ ሳይጠቀልል፣ ወረቀት እንኳን ሳያለብስ ነው የሚጭነው። 1,200 ብር አተረፍኩ ስትዪ አምስት ዘንግ ተጭሮ መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ሁላችንም ዓይናችን የዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ ተተክሎ ቀርቷል፤ እኔም ጭምር።

ሐሙስ ማታ የሚነሳ አይሱዙ አግኝቼልሻለሁ። ነጩ 20 ዘንግ፣ ጥቁሩ 20፣ ቡናማው 10። በካርቶን ጠቅልዬ አስሬዋለሁ። ዓርብ ጠዋት ሾፌሩ ይደውልልሻል። ሳትቆጥሪና ጫፍ ጫፉን ሳታዪ እንዳትፈርሚ። መሃል ላይ አንድ ወፈር ያለ ጥቅል ታገኛለሽ፤ እንጨት አይደለም፣ እናትሽ ያስገባችው በርበሬ ነው። የእሱን ጭነት ከሂሳቡ አውጪው።

አባትሽ