ከሚቀጥለው ውይይታችን በፊት፦ ስለ ፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ

የተከበራችሁ የንባብ ማኅበራችን አባላት፣

ለአፍሪካ ነጻነት ስለታገሉ ሴት ምሁራን በምናደርገው ውይይት፣ ከናይጄሪያዊቷ መምህርት ከፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1900 እ.ኤ.አ. በአቤኦኩታ ከተማ ተወልደው በእንግሊዝ አገር የተማሩት እኚህ ሴት፣ በአብዛኛው የተማሩ ሴቶችን ያሰባሰበ ክበብ ይመሩ ነበር፤ ይሁን እንጂ የገበያ ነጋዴዎች ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ በሩን ከከፈቱላቸው በኋላ፣ ስለ ግብሩ ጫናና በባለሥልጣናት ስለሚወረሰው ሩዛቸው የሰሙት ከእነዚሁ ተማሪዎቻቸው አንደበት ነው። ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው፤ ምሁሯ ያስተማሩትን ያህል ተምረዋል። በአደባባይም የሕዝባቸውን የዮሩባን ልብስ መልበስንና በዮሩባ ቋንቋ መናገርን መረጡ።

ክበቡ በ1946 የአቤኦኩታ ሴቶች ኅብረት ሆኖ ሲሰፋ፣ አባላቱ የቅኝ አገዛዙ በአካባቢው ንጉሥ በአላኬው በኩል የሚያስከፍላቸውን ግብር ተቃውመው በሺዎች ሆነው በቤተ መንግሥቱ ደጅ ተሰለፉ፤ አላኬ አዴሞላ ዳግማዊም በ1949 ዙፋናቸውን ለቀቁ። ፉንሚላዮ በ1947 የቅኝ አገዛዙን ሕገ መንግሥት ለመቃወም ወደ ለንደን በተጓዘው ልዑክ ውስጥም ብቸኛዋ ሴት ነበሩ።

ከአገራችን፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ወደ ጣሊያን የተጋዙትን መምህርትና ደራሲ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን አብረን ብናነሣ ደስ ይለኛል። ስለ ሁለቱ ያነበባችሁትን ይዛችሁ እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።