ሳነቴ ላይ የወረደው በረዶ
የሥነ ጥበብና የአየር ንብረት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«በረዶ በሌለበት አገር የበረዶ ክበብ ምን ይሠራል?» ይህን ጥያቄ ዘንድሮ በመምህራን ማረፊያም፣ በወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባም፣ በር ላይም ተጠይቄአለሁ። ጥያቄው አያስከፋኝም። ግን መልሱ በጽሑፍ እንዲቀመጥ ፈለግሁ።

ስማችን የሥነ ጥበብና የአየር ንብረት ክበብ ነው። «የበረዶ ክበብ» ያሉን ተማሪዎች ናቸው፤ በዚያው ቀረ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 31 አባላት አሉን። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንገናኛለን። በጥቅምት ኮሚቴ መረጥን፣ ዕቅድ አጸደቅን። ለሚኒ ሚዲያ 3 ዝግጅት አቀረብን። ጥር በፈተና አለፈ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከአንድ ፎቶ ነው። ፓሪስ ውስጥ ፓንቴዮን ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ላይ ትልልቅ በረዶዎች ቆመዋል። ሰዎች ያቅፏቸዋል፣ ጆሯቸውን ይለጥፉባቸዋል። ሥራው «አይስ ዎች» ይባላል። የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ የሥነ ጥበብ ባለሙያው ኦላፉር ኤሊያሰን ነው። ሌላው ግሪንላንዳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ሚኒክ ሮሲንግ ነው። ሮሲንግ በግሪንላንድ ድንጋይ ውስጥ ከ3.7 ቢሊዮን ዓመት በፊት የነበረ የሕይወት ምልክት በማግኘቱ ይታወቃል። በረዶውን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 ኮፐንሃገን አቆሙት። በ2015 የዓለም መሪዎች ስለ አየር ንብረት ሲመክሩ ፓሪስ ወሰዱት፤ በ2018 ደግሞ ለንደን። ፓሪስ ላይ 12 በረዶዎች እንደ ሰዓት ቁጥሮች በክብ ተደርድረው ነበር።

ተማሪዎቼ መጀመሪያ የጠየቁኝ «በረዶውን ከቦታው ማንሳት ራሱ ጉዳት አይደለም ወይ?» ብለው ነው። ጥያቄው ኮራ አደረገኝ። በረዶው ከግሪንላንድ ግግር በረዶ ተገምሶ ወድቆ ኑክ ከተማ አጠገብ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ የተለቀመ ነው። እዚያው ቢተዉትም መቅለጡ አይቀርም ነበር።

ኤሊያሰን ለእኛ ባዕድ ሰው አይደለም። ከኢንጂነር ፍሬደሪክ ኦተሰን ጋር የሠራት ቢጫዋ የፀሐይ መብራት፣ ሊትል ሰን፣ ቅርጿ በመስከረም ከሚፈካው ከአደይ አበባ የተወሰደ ነው። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ሞቅ አለ።

ከዚያ እንደ ፓሪሱ የራሳችንን የበረዶ ሰዓት ለመሥራት ተነሣን። የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጠን ውሃ ሞላን። የአንድ ተማሪ እናት በጁስ ቤታቸው ፍሪዘር ውስጥ ቦታ ሰጡን። እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ያገኘነው ግማሽ ውሃ ነበር። በሁለት ሳምንቱ ደገምነው።

እዚህ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «የፓሪሱ 12 ነው። እኛ ግን 13 ወር ነው ያለን» አለ። ስለዚህ ለየወሩ አንድ አንድ፣ 13 ሠራን። ለጳጉሜን በላስቲክ ኩባያ ትንሽዬ በረዶ አዘጋጀን። የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ከሰልፍ ሰዓት በፊት ደረደርናቸው። ተማሪዎች በየክፍለ ጊዜው እየተፈራረቁ መጥተው ሣሏቸው። ጳጉሜን ከእረፍት ሰዓት በፊት ቀልጣ አለቀች። ጥላ ውስጥ የነበረው ነሐሴ እስከ 9 ሰዓት ቆየ።

አንዷ ጆሮዋን መስከረም ላይ ለጥፋ ቆየችና «ቲቸር፣ የእኛ በረዶ ለምን ዝም አለ?» አለችኝ። የፓሪሱ ይንጣጣ ነበር። ግግር በረዶ በሺህ ዓመታት ውስጥ ተደራርቦ የተጨመቀ አመዳይ ነው። በመሃሉ የጥንት አየር ታፍኖ ይቀራል። በረዶው ሲቀልጥ አየሩ እየፈነዳ ይወጣል፤ ድምፁ ያ ነው። ሳይንቲስቶች ከአንታርክቲካ በረዶ የ800,000 ዓመት አየር አንብበዋል። የጁስ ቤቱ በረዶ ግን የትናንት ማታ ውሃ ነው። ይህን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ባስተምር ማን እንደዚህ ይጠይቀኝ ነበር?

በሚያዝያ ወደ ባሌ ሄድን። ባሌን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ አፍሪካ ውስጥ ግግር በረዶ ያለው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ብቻ ነው። ድሮ ግን የእኛም ተራሮች ነበራቸው። የባሌ ግግር በረዶ በጣም የሰፋው ከ42,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ያሳያል። በዚያ ዘመን ሰዎችም ነበሩ። ፊንጫ ሀበራ በሚባለው፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ የዋሻ ጥላ ውስጥ እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። ተማሪዎቼ በዚህ ታሪክ ተገርመው አያባሩም።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት በኮስተር ተነሥተን፣ በአሰላና በዶዶላ አድርገን ማታ ጎባ ገባን። በማግስቱ የባሌ ተራሮች አናት ላይ ወዳለው ሜዳ፣ ወደ ሳነቴ ወጣን። 4,000 ሜትር ላይ ትንፋሽ ያጥራል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ አየን። አስጎብኚያችን በረዷማው ዘመን የተወውን የድንጋይ መስመር አሳየን። አንዳንዱ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 15 ሜትር ይደርሳል። መሬቱ እየረጋ እየቀለጠ ድንጋዩን ለይቶ ደርድሮታል።

ከእኛ ጋር አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ በስብሰባ ላይ ድምፅዋን አልሰማሁም። እኔ ያዘዝኳቸው ድንጋዩን በእርሳስ እንዲሥሉ ነበር። እሷ ግን ትልቅ ካኪ ወረቀት ይዛ መጥታለች። ሕፃን ሆነን ሳንቲም ላይ ወረቀት አድርገን በእርሳስ እንደምናሸው፣ አንድ ግዙፍ ድንጋይ በወረቀቱ ሸፍና በከሰል ማሸት ጀመረች። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይወስድ አራት ልጆች ጥግ ጥጉን ያዙላት። የድንጋዩ ቆዳ ቀስ በቀስ ወረቀቱ ላይ ወጣ።

ድንገት ሰማዩ ጠቆረና በረዶ መጣ። ሁላችንም ወደ መኪናው ሮጥን። እሷ አልተነሣችም። ወረቀቱን ላነሣ ተመልሼ ስሄድ እጄን ያዘችኝ። «ተዉት ቲቸር፣ በረዶው ራሱ ይጨርሰው» አለች። ፍሬው ወረቀቱ ላይ እየነጠረ፣ እየቀለጠ፣ ከሰሉን እያጠበ ነጫጭ ክብ ምልክት ተወ። ከጎኗ ቁጭ አልኩ። ጋቢዬ ራሰ፤ አልተነሣሁም።

ኤሊያሰን የግግር በረዶ ቁራጭ ከቀለም ጋር ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ ሲቀልጥ ሥዕሉን እንዲሠራ ያደርጋል። ይህን ለክበቡ ነግሬ አላውቅም። ራሷ ነው የደረሰችበት። ያን ቀን ማታ ጎባ ላይ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሥራዋ አሁን ቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ቆማችሁ እዩት። ቀረብ ብላችሁ ነጫጮቹን ክቦች ቁጠሩ።

ያልተሳካም አለ። የዓመቱ መጨረሻ ዐውደ ርእያችን አዳራሹ ለሌላ ዝግጅት በመያዙ በኮሪደር ላይ ተደረገ። የ12ኛ ክፍል አባላት በፈተና ምክንያት ከግንቦት በኋላ አልመጡም። ከሁሉ የከፋኝ ግን 7 አባላት የጉዞውን መዋጮ መክፈል ስላልቻሉ መቅረታቸው ነው። ከእነሱ አንዱ ባለ 13ቱ ወር ልጅ ነው። ኮስተሩ ውስጥ ባዶ ወንበር ነበር።

ለስፖርት ክበባት ማሊያ ሲገዛ ደስ ይለኛል፤ ይገባቸዋል። ለእኛ ዘንድሮ የተመደበው 1 ደርዘን እርሳስና 2 ደስጣ ወረቀት ነው። ከሰሉን ከቤቴ አመጣሁ፤ ካኪውን ልጅቷ ራሷ ገዛች። ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው የኮስተር ኪራይ፣ ሁለት ጥቅል ካኪ ወረቀትና አንድ ያገለገለ ፍሪዘር ነው። ፍሪዘር ያለው ወላጅ ካለ፣ ተሸካሚ ይዘን እንመጣለን። ጉዞው በሚያዝያ ይሆናል። የሰባቱ ልጆች ስም ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ተጽፏል።