ክሩን ቁረጠው

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ አባቴ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። የባሕር ዳርን ሐምሌ ታውቀዋለህ፤ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም።

ትናንት ማታ እህትህ ስልኳን ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ልጅህ ዓሣ አጥማጅ ሆኗል» አለችኝ። ቪዲዮውን አየሁና ሳቅሁ። ድገሚልኝ ብዬ ሳየው ሳቄ ጠፋ። መንጠቆህ ሳሩ ውስጥ ያዘ። ጎተትከው፣ እንቢ አለ። ከጀልባዋ ወርደህ እስከ ደረትህ ገባህ። ጓደኛህ እየቀረጸ ይስቃል። ላይፍ ጃኬትህ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። አይቼዋለሁ።

ልጄ፣ መንጠቆ ሳር ውስጥ ከያዘ ተከትለህ አትግባ። ክሩን ቁረጠው።

ሌላውን ወድጄዋለሁ፣ አልዋሽህም። ባስ የምትሉት ዓሣ ደስ ይላል። አረንጓዴ ነው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር አለው፣ አፉም ትልቅ ነው። ሳሩ ሥር አድፍጦ ይጠብቃል፣ የሚያልፈውን ጎርሶ ይመለሳል ብለኸኝ ነበር። ያቺን የፕላስቲክ እንቁራሪት በሳሩ ላይ ስታንፏቅቃት ውሃው ፈንድቶ ሲውጣት እኔም ከመደቡ ብድግ አልኩ። እናትህ ደንግጣ «ምን ሆንክ?» አለችኝ። ያ ሌክ ፎርክ ያልከው የቴክሳስ ሐይቅ በፈረንጅ 1992 ከ8 ኪሎ በላይ የሚመዝን ባስ ወጥቶበታል ስትለኝ አላመንኩህም ነበር። አሁን አምኛለሁ። የኛ ቀረሶም ከሳር ዳር አይጠፋም፤ ግን እንዲህ ዘሎ የሚናከስ አይደለም።

በቀትር አትልፋ። እናንተ ጋ ሐምሌ ፀሐዩ ሰው ያቃጥላል ትላለህ። ውሃ ሲሞቅ ለዓሣው አየር ያንሰዋል። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሳሩ ዳር ላይ ሞክር። የምትለቀው ከሆነ እጅህን አርጥበህ ያዘው፣ ቶሎም ልቀቀው። ባርኔጣ አድርግ። የምትጠጣው ውሃ ያዝ።

ሳሩን ግን አትመነው። ከላይ ሲታይ ሜዳ ይመስላል፤ ሥሩን ማን ያውቃል? እኔ አውቀዋለሁ።

1993 ሐምሌ ነው። አንተ ሰባት ዓመትህ። ያኔ ጣና ላይ እምቦጭ የሚባል ነገር አላየንም፤ እሱ በ2004 አካባቢ በሰሜኑ በኩል ነው የታየው። የኛ ሳር ደንገል ነበር። ውሃው በክረምት ሞልቶ ደንገሉ መሀል ገብቷል፣ ጎርፉም አደፍርሶታል። አዲስ መረብ በዱቤ ወስጄ ነበር፤ ዕዳውን ገና አልከፈልኩም። ታንኳዬን እየቀዘፍኩ ላወጣው ስሄድ መረቡ ደንገሉ ሥር ያዘ። ብጎትት እንቢ አለ። አንተ ዳር ላይ ቆመሃል፣ በእጅህ ቆሎ ይዘሃል። «እዚያው ቁም፣ ንቅንቅ እንዳትል» አልኩህና ገባሁ።

ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። መረቡን ከሥሩ ሳላቅቅ ቁርጭምጭሚቴን ጠለፈኝ። በታገልኩ ቁጥር ጠበቀ። ሁለት ጊዜ ውሃ ጠጣሁ። ወገቤ ላይ ቢላዋ አለ፤ እጄ ግን እሺ አላለኝም። ዕዳው ነዋ የታየኝ! በመጨረሻ ያንኑ ላድነው የገባሁለትን መረብ ቀድጄ ወጣሁ።

ቀና ስል አንተ ውሃው ደረትህ ላይ ደርሷል። «አባዬ፣ አባዬ» እያልክ ወደኔ ትመጣለህ። ቆሎህ ከፊትህ ተበትኖ ይንሳፈፋል። ያ ቆሎ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ጎትቼ አወጣሁህ። ከዚያ በደንገል ዘንግ ገረፍኩህ። «ማን ውሃ ግባ አለህ!» እያልኩ። ቤት ስንደርስ ለእናትህ «ሲጫወት ውሃ ገብቶ ነው» አልኳት። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ምንም አልተናገርክም። ያጠፋሁት እኔ፣ የተገረፍከው አንተ። ልታወጣኝ ነበር የመጣኸው። ይህን አውቄ ነው የገረፍኩህ፣ ልጄ። ፈርቼ ነበር፣ አፍሬም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሃ ዳር እንዳትደርስ ከለከልኩህ። ታንኳ ላይ አንድም ቀን አላወጣሁህም። የጣና አጥማጅ ልጅ ሆነህ ዋና የተማርከው ዳላስ፣ አፓርታማህ ግቢ ባለው ገንዳ ነው። ይህ ሁሉ የኔ ጥፋት ነው። ይቅር በለኝ። ለእናትህም ዛሬ እነግራታለሁ፤ ይህን ወረቀት ራሴ አነብላታለሁ።

አሁን ስማኝ። የምትጠቀምበት ክር የተጎነጎነው ዓይነት ነው ብለኸኛል። እሱ በእጅ አይበጠስም። እጅህ ላይ ጠምጥመህ እንዳትጎትተው፣ ሥጋ ይቆርጣል። መቀስ ግዛ፣ በገመድ አስረህ ደረትህ ላይ አንጠልጥለው። ኪስህ ውስጥ አይሁን። የኔም ቢላዋ ወገቤ ላይ ነበረ፤ እጄ እስኪደርስ ስንት ጊዜ ፈጀ!

ላይፍ ጃኬቱን ጀልባዋ ከዳር ሳትነሣ ልበሰው። ሙቀት ነው አትበለኝ። ብቻህንም አትሂድ። አሊጌተርም አለ ብለኸኛል። ጣና ጉማሬ እንጂ አዞ የለውም፤ የናንተን እኔ አላውቀውም። ስለዚህ አትግባ። መንጠቆው የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን፣ ዓሣው የፈለገውን ያህል ይተልቅ፣ ክሩን ቁረጠው።

ደግሞ ውክልናውን አትርሳ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ነገ ነገ እያልክ ነው። የቤቱ ጉዳይ ያላንተ ፊርማ አይንቀሳቀስም። እስከ መስከረም ላከው። እናትህ ለጉልበቷ የምትቀባውን ያንን ቅባትም ሰው ስታገኝ ሁለት ጨምርላት።

ስትመጣ ታንኳ እናወጣለን። በጥር ና፣ ውሃው ይጠራል። ጠዋት ንፋሱ ሳይነሣ እንወጣለን፤ ከሰዓት ጣና ይናወጣል። አንተ ትቀዝፋለህ፣ እኔ አሁን ክንዴ ደክሟል። ያቺን የፕላስቲክ እንቁራሪት ይዘሃት ና፤ የኛ ዓሣ ምን እንደሚላት እናያለን።

እህትህ ይህን ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። አንተም መቀሱን እንደገዛህ ደረትህ ላይ አንጠልጥለህ ፎቶ ተነሣና ላክልኝ። እስከዚያ ከስልኳ አልለይም።

አባትህ