ጉዳዩ፦ «ሰኞ ይደርሳል» የተባልኩት የእህቴ የወሊድ ቻርት

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። «የቻርቱን ቅጂ ሰኞ ነይና ውሰጂ» ያሉኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት። ሰኞ ከዘጌ በጀልባ መጣሁ። «ፊርማ ይቀራል» ተባልኩ። ረቡዕ መጣሁ። «ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «እህትሽ ተርፋለች አይደል? ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ሁሉም ሰማ።

የምፈልገውን ልንገርዎ። አዎ፣ ማርያም ማረቻት፤ ልጁም ደህና ነው። ግን ግፊት እንዳለባት ካርዷ ላይ ተጽፎ እያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ግሉኮስ ሲወርድላት አደረ። ምጥ ማፋጠኛው ኦክሲቶሲንም እዚያው ውስጥ ነበር። ሽንቷን የለካ ሰው አላየሁም። ሊነጋ ሲል መተኛት አቃታት። ቁጭ ብላ አየር ትስባለች፣ አየሩ አይበቃትም። ተረኛው ሐኪም «ሳንባዋ ውሃ ይዟል» ብሎ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ ላሲክስ፣ ወጋት። እሱን እግዜር ይስጠው።

ያስረዳኝም እሱ ነው። ኦክሲቶሲን ሲበዛ ሰውነት ውሃ እንዲቋጥር ያደርጋል። በእርግዝና ግፊት የያዛት እናት ደግሞ ፈሳሹ ከደም ሥሯ ወደ ሳንባ በቀላሉ ስለሚያመልጥ፣ እየተለካ ነው የሚሰጣት። የዓለም ጤና ድርጅትም ምጥ ለማሳጠር ተብሎ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትን አይመክርም። ታዲያ ለእህቴ ማን አዘዘ? በደቂቃ ስንት ጠብታ ነበር? የምጥ መከታተያው ቅጽ፣ ፓርቶግራፉ ላይ መኖር አለበት። ነገ ደግማ ብታረግዝ የሚከታተላት ሐኪም ይህን ይጠይቃታል።

እኔ አጠገቧ ሆኜ የቆጠርኩት ሦስት ከረጢት ነው። ደረሰኙ አምስት ይላል። እያንዳንዱ አንድ ሊትር ነው። ገንዘቡ አይደለም ያሳሰበኝ፤ አምስቱም ገብቶላት ከሆነ ማወቅ አለብኝ።

ጓንት ከውጭ ግዙ መባላችንን፣ ስልካችሁ አለመነሳቱን፣ በሌሊት ነርስ ፍለጋ ኮሪደር ለኮሪደር መሮጤን እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር። አሁን ግን ቅጂውን፣ በፊርማዎ የተጻፈ ማብራሪያ፣ እና ከሠራተኛዋ ይቅርታ እፈልጋለሁ። እስከ አርብ ካልሆነ ደረሰኙን ይዤ ክልል ጤና ቢሮ እሄዳለሁ።

አርብ ጠዋት እመጣለሁ። እባክዎ ፊርማው አልቆ ይጠብቀኝ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ታላቅ እህት፣ ከዘጌ